ትናንሾቹ መርማሪዎችና አገራቸው

ልጆች በምሽት ተሰብስበው «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» ሲባባሉ፣ መልሱ የጠፋበት ልጅ በዋዛ አይታለፍም። ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። የተሸነፈው ልጅ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ገብቶ በምናቡ ከተንደላቀቀ በኋላ ነው መልሱን የሚገልጠው። በዚህ ጨዋታ ጥያቄና አገር አይነጣጠሉም። የተሰወረውን ያወቀ ልጅ አገር ይወርሳል።

ከዚህ ባህል እጅግ ርቃ በምትገኘው በካናዳም የልጆች የምርመራ ልብ ወለድ ታሪክ የጥያቄና የአገር ታሪክ ነው። የካናዳ ልጆች ለሃምሳ ዓመት ያህል አንድ የአገራቸው ሰው የጻፋቸውን የምርመራ ታሪኮች እያነበቡ፣ ጸሐፊው ካናዳዊ መሆኑን ሳያውቁና የአገራቸውን ከተሞች በመጻሕፍቱ ውስጥ ሳያገኙ ኖረዋል። ቀጥሎ የመጡት ጸሐፍት ለልጆቹ የገዛ አገራቸውን ሰጧቸው። በቅርብ ዓመታት የተነሡት ደግሞ ያ አገር ከማን እጅ እንደ ተወሰደ መጠየቅ ጀምረዋል። ይህ ጽሑፍ ያንን ጉዞ በአጭሩ ይቃኛል፤ ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሚሆናቸው አንባብያን የሚበጁትን ሥራዎችም እግረ መንገዱን ይጠቁማል። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሌለ ሰው ስም

ሌስሊ ማክፋርሌን በ1902 በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ካርልተን ፕሌስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን በሰሜን ኦንታሪዮ፣ በብር ማዕድኗ ከታወቀችው ከኮባልት አጠገብ በምትገኘው በሄይሊበሪ ነበር። አባቱ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር። ወጣቱ ሌስሊ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በአካባቢው ጋዜጦች በዘጋቢነት ሠራ፤ ደራሲ የመሆን ምኞቱ ግን አልለቀቀውም። በ1926 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በጋዜጠኝነት ተቀጥሮ ሳለ ልብ ወለድ ጸሐፊ የሚፈልግ ማስታወቂያ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ማስታወቂያውን ያወጣው ኤድዋርድ ስትራተማየር የተባለ አሜሪካዊ ነበር።

ስትራተማየር የልጆችን መጽሐፍ እንደ ፋብሪካ ምርት የሚያወጣ ድርጅት ባለቤት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ድርጅቱ የታሪኩን ንድፍ በጥቂት ገጾች ያዘጋጃል፤ በውል የተቀጠረው ጸሐፊ ንድፉን ወደ ሙሉ መጽሐፍ ያሰፋዋል። ጸሐፊው የተወሰነ ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀበላል፤ የባለቤትነት መብቱን ይለቃል፤ መጽሐፉን የጻፈው እርሱ መሆኑን ላለመግለጥም ይፈርማል። በሽፋኑ ላይ የሚታተመው ስም በምድር ላይ የሌለ ሰው ስም ነው።

ማክፋርሌን በመጀመሪያ ስለ አንድ ጠላቂ ዋናተኛ ጀብዱ የሚተርኩ መጻሕፍትን ጻፈ። ከዚያ ፍራንክና ጆ ሃርዲ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ወንጀል የሚመረምሩበት አዲስ ተከታታይ ተሰጠው። «ሃርዲ ቦይስ» የተባሉት የእነዚህ መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በ1927 ሲታተሙ በሽፋናቸው ላይ የሰፈረው ስም ፍራንክሊን ደብሊው ዲክሰን የሚል ነበር። ማክፋርሌን ለመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት በየአንዳንዱ 125 ዶላር ተቀበለ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ክፍያው ወደ 85 ዶላር ወረደ። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነበርና በዚያም ዋጋ መጻፉን ቀጠለ፤ እስከ 1940ዎቹም ሃያ ያህሉን ጻፈ። መጻሕፍቱ በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ሲሸጡ ከሽያጩ የደረሰው አንዳች ድርሻ አልነበረም።

ታሪኮቹ የሚፈጸሙባት ቤይፖርት በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ያለች ተብላ የተፈጠረች ከተማ ናት። ጸሐፊው ግን ጋዜጠኝነቱን ትቶ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በኦንታሪዮ፣ በሰድበሪ አቅራቢያ በአንድ ሐይቅ ዳር ባለች ጎጆ ውስጥ ሆኖ ነበር የጽሕፈት መኪናውን የሚመታው። በመስኮቱ የሚያየው የሰሜን ካናዳ ጫካና ሐይቅ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የሚያሰፍረው ግን የሌላ አገር ወደብ ነው። ካናዳዊው ልጅ መጽሐፉን ሲገልጥ ጀግኖቹ በሌላ አገር ሕግ፣ በሌላ አገር ገንዘብ፣ በሌላ አገር ፖሊስ መካከል ሲንቀሳቀሱ ያያል፤ ምሥጢርና ጀብዱ ከእርሱ መንደር እንደማይበቅሉ ቢያስብ አይፈረድበትም።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ስሜት ለመረዳት አይቸገርም። ደራሲ ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ የመለሷቸውን የስለላ ታሪኮች እየተቀባበለ ያነበበው ትውልድ የሩቅ አገር ከተሞችን ስም በቃሉ ያውቅ ነበር። ትርጉም የሌላውን ዓለም ማሳየቱ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ሁልጊዜ የሌላውን ብቻ ያነበበ ልጅ የራሱ ሰፈር ለታሪክ እንደሚበቃ የሚነግረው ይሻል።

ማክፋርሌን አገሩን በመጽሐፉ ማስገባት ባይችልም ጠባዩን አስገብቷል። ንድፉ ከሚጠይቀው በላይ ቀልድ ጨመረበት፤ ልጆች የሚወዷቸውን የምግብ ማዕዶች በሰፊው ገለጠ። የከተማይቱን ፖሊስ አዛዥና ረዳቱንም ትምክሕተኞችና ቀርፋፋዎች አድርጎ ሣላቸው። ሥልጣን ያለው ሁሉ አዋቂ እንዳልሆነ ልጆች ከወዲሁ ቢረዱ መልካም ነው የሚል እምነት ነበረው። አሠሪዎቹ ይህን አልወደዱለትም፤ የፖሊስ ክብር እንዳይነካ ማሳሰቢያ ደረሰው። የልጆች የምርመራ ልብ ወለድ ዋና ቁም ነገር ግን እዚሁ ላይ ነው። ልጅ ትልቅ ሰው የነገረውን ከማመኑ በፊት በገዛ ዓይኑ ማየትና መጠየቅ እንደሚችል የሚያስተምረው ይህ የአጻጻፍ ዘርፍ ነው።

በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች እንዲህ ያሉትን ተከታታይ መጻሕፍት ይንቋቸው ነበር። በአሜሪካ የስካውት ማኅበር የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ፍራንክሊን ማቲውስ ገና በ1914 ርካሽ ተከታታዮች የልጆችን አእምሮ እንደሚያበላሹ የሚገልጥ ኃይለኛ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። በቶሮንቶ በሊሊያን ስሚዝ መሪነት በ1922 ለልጆች ብቻ የተለየ ቤተ መጻሕፍት ሲከፈትም የዘመኑ ሐሳብ ለልጅ ከሁሉ የተሻለውን ብቻ መስጠት የሚል ነበር። ሐሳቡ ቅን ነው። ልጆቹ ግን በኪሳቸው ሳንቲም ሃርዲ ቦይስን እየገዙ፣ እየተዋዋሱ ማንበባቸውን አልተዉም። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም፤ ወላጅ ሁሉ በየቤቱ ይጋፈጠዋል።

የማክፋርሌን ልጅ ራሱ እነዚህን መጻሕፍት በአባቱ መደርደሪያ ላይ አይቶ፣ አባቱ በልጅነቱ ያነበባቸው መስሎት እንደ ጠየቀና ያነበባቸው ብቻ ሳይሆን የጻፋቸው እርሱ መሆኑን ሰምቶ እንደ ተደነቀ ይተረካል። አባትየው ለራሱ ልጅ እንኳ ያልነገረው ሥራ ነበር። በኋላ በካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ውስጥ ፊልም ሠሪ ሆነ፤ ስለ ዓሣ አጥማጆች የሠራው አጭር ፊልምም ለኦስካር ሽልማት ታጭቷል። ከ1959 ጀምሮ ደግሞ ድርጅቱ የቀድሞዎቹን ሃርዲ ቦይስ መጻሕፍት እያሳጠረ እንደገና አስጻፋቸው። በዘር ላይ የተመሠረቱ የንቀት አገላለጾች ከውስጣቸው ወጡ፤ ይህ ተገቢ ነበር። ከእነርሱ ጋር ግን የማክፋርሌን ቀልድና ለዛም አብሮ ወጣ።

አንድ ዓመት፣ ብዙ ነገር

ማክፋርሌን ምሥጢሩን የገለጠበት የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ በ1976 ታተመ፤ በማግሥቱም፣ በ1977፣ ዐረፈ። ያ 1976 በካናዳ ለልጆች መጻሕፍት የተለየ ዓመት ሆኖ ይታያል።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አገሪቱ ራሷን ስትመረምር ቆይታለች። በ1967 ካናዳ የተመሠረተችበትን መቶኛ ዓመት አከበረች። በዚያው ዓመት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ሺላ ኢጎፍ ስለ ካናዳ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ያዘጋጀችው ሰፊ ጥናት ወጣ። በ1970 ደግሞ ከአገሪቱ ጥንታዊ አሳታሚዎች አንዱ የሆነው ራየርሰን ፕሬስ ለአሜሪካዊው ማግሮው ሂል ተሸጠ። ሽያጩ ብዙ ቁጣ ቀሰቀሰ። የአንድ አገር ልጆች የሚያነቡትን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የመንግሥት ጉዳይ እስከ መሆን ደረሰ። በዚያው ዘመን ትናንሽ አሳታሚዎች ለልጆች ብለው ተነሡ። ታንድራ ቡክስ በ1967 በሞንትሪያል፣ ኪድስ ካን ፕሬስ በ1973 በቶሮንቶ፣ አኒክ ፕሬስ በ1975፣ ግራውንድውድ ቡክስ በ1978 ሥራ ጀመሩ። የካናዳ የልጆች መጻሕፍት ማዕከል የተቋቋመው በዚሁ በ1976 ነው።

በ1976 በሐምሌ ወር የካናዳ ፓርላማ ለተራ ወንጀሎች የሚፈረደውን የሞት ቅጣት ሰረዘ። ይህ ከልጆች መጽሐፍ ጋር ምን አገናኘው ሊባል ይችላል። ግንኙነቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚሁ ዓመት ኤሪክ ዊልሰን የተባለ መምህር የጻፈው «ግድያ በካናዲያን ባቡር ላይ» የሚል የልጆች መጽሐፍ ለገበያ ቀረበ። ዊልሰን መጻፍ የጀመረው ማንበብ የማይወዱ ተማሪዎቹን የሚስብ መጽሐፍ ስላላገኘ ነበር። ተማሪዎቹ መጽሐፍ ሲሰጣቸው ያዛጋሉ፤ የሚያውቁት ቦታ፣ በፍጥነት የሚሮጥ ታሪክ፣ አጫጭር ምዕራፎች ሲያገኙ ግን ዓይናቸው ይከፈታል። ይህን የተረዳው መምህር ከሥልጣን ወይም ከተቺ ይልቅ የክፍሉን ልጆች አዳመጠ።

ባቡር፣ በረዶና የቆሻሻ ቅርጫት

«ካናዲያን» ከ1955 ጀምሮ የአገሪቱን ምሥራቅና ምዕራብ ያገናኘው ዝነኛ የመንገደኞች ባቡር ነው። ጉዞው ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሜዳውን አቋርጦ፣ የሮኪ ተራሮችን ሰንጥቆ ቫንኩቨር ይደርሳል። ለምርመራ ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ ማንም አይወርድም፤ ወንጀለኛው ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነው፤ መድረሻው ሲቃረብ ጊዜው ያጥራል። ቶም ኦስተን የተባለው ልጅ በባቡሩ ውስጥ የተፈጸመ ግድያ ሲመረምር፣ አንባቢው ሳያውቀው የአገሩን ስፋት ይለካል።

ዊልሰን ቶምንና እኅቱን ሊዝን ይዞ በካናዳ ከዳር እስከ ዳር ተዘዋወረ። «የካሳ ሎማ የጠፋ ሀብት» በቶሮንቶ ከ1911 እስከ 1914 በተገነባው ባለ ብዙ ክፍል ቤተ መንግሥት ውስጥ ይፈጸማል። ሌሎቹ ወደ ዊኒፔግ፣ ወደ ኖቫ ስኮሺያዋ የመርከበኞች ከተማ ወደ ሉነንበርግ፣ ወደ ኦታዋ፣ ወደ ጥንታዊቷ ኩቤክ ከተማ፣ ወደ ልዑል ኤድዋርድ ደሴት ይወስዳሉ። ተቺዎች ገጸ ባሕርያቱ ጥልቀት የላቸውም፤ አጋጣሚዎቹም ይበዛሉ ይላሉ። ነቀፌታው ትክክል ነው። ነገር ግን ሰፈሩን በመጽሐፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘ ልጅ የሚሰማውን ደስታ ነቀፌታው አይሽረውም። ማክፋርሌን የደበቀውን ካርታ ዊልሰን በጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። በፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ኩቤክ ሲልቪ ዴሮዚየ ሦስት ጓደኛሞችና ኖትዶግ የተባለ መልከ ጥፉ ውሻ በመንደራቸው የሚከሠቱ ምሥጢሮችን የሚፈቱበትን ተከታታይ በ1987 ጀመረች። ካናዳ በሁለት ቋንቋ የምታነብ አገር በመሆኗ የአንዱ ወገን ልጆች የሌላውን መርማሪዎች የሚያውቁት በትርጉም ነው፤ ብዙ ጊዜም አያውቋቸውም።

በ1992 ሊንዳ ቤይሊ በቫንኩቨር የምትኖረውን ስቲቪ ዳይመንድን ፈጠረች። የመጀመሪያው መጽሐፍ ርእስ በአማርኛ ሲመለስ «ጥሩ ጥሩው ፍንጭ ሁልጊዜ ቆሻሻ ውስጥ የሚገኘው ለምንድን ነው?» የሚል ይሆናል። ስቲቪ ሴት ልጅ ናት፤ ጥርጣሬዋ ፈጣን፣ ምላሷም ስል ነው። እናቷ ከምትሠራበት የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ገንዘብ ሲሰረቅ ከጓደኛዋ ከጄሲ ጋር ምርመራ ትጀምራለች። በመጽሐፉ ውስጥ ሬሳ የለም፤ ጠመንጃም አይተኮስም። አንድ የጎረቤት ጉዳይ፣ ጥቂት የተሳሳቱ ግምቶች፣ ብዙ ሣቅ ይበቃዋል። ልጅ መርማሪ መሳሳት እንዳለበት ቤይሊ በሚገባ ታውቃለች፤ ስቲቪ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ሰው ስትጠረጥር አንባቢው የችኮላ ፍርድን ጉዳት ከነለዛው ይማራል።

በ1995 ደግሞ ጋዜጠኛው ሮይ ማግሬጎር «ስክሪች አውልስ» የተባለውን ተከታታይ አመጣ። ባለ ታሪኮቹ ታማራክ ከተባለች ምናባዊት የኦንታሪዮ ከተማ የመጡ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ልጆች ናቸው። አምበሉ ትራቪስ፣ ቀልደኛው ኒሽ፣ ፈጣኗ ሣራ፣ ጥቂት ተናጋሪው አሠልጣኝ መክ በየመጽሐፉ ይመለሳሉ። ቡድኑ ለውድድር በሄደበት ሁሉ፣ በሌክ ፕላሲድም ሆነ በስዊድን ወይም በጃፓኗ ናጋኖ፣ አንድ የተሰወረ እጅ ያገኛል። ማግሬጎር ስለ ሆኪ ለአዋቂዎች ሲጽፍ የኖረ ሰው ነውና የመልበሻ ክፍሉን ሽታ፣ የሽንፈትን ኀፍረት፣ በአባት ፊት የመጫወትን ጭንቀት ያውቃል። መጻሕፍት ለማያነብ፣ ኳስ ግን ለሚወድ ልጅ ከዚህ የተሻለ መግቢያ በር አይገኝም። ከሃያ በላይ መጻሕፍት ወጥተዋል፤ የቴሌቪዥን ድራማም ሆነዋል።

በሰቃይ ስም የተሰየመ ሽልማት

የካናዳ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፍት ማኅበር በ1982 ተመሠረተ፤ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ሽልማት ይሰጥ ጀመር። የሽልማቱ ስም አርተር ኤሊስ ነበር። ይህ ስም የደራሲ አይደለም። በካናዳ ሞት የተፈረደባቸውን ሰዎች ይሰቅል የነበረ ባለሙያ የሚጠራበት የሽፋን ስም ነው። ለአሸናፊዎች የሚሰጠውም ክሩ ሲሳብ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ፣ በገመድ የተሰቀለ የእንጨት ሰው ምስል ነበር። በካናዳ የመጨረሻዎቹ የስቅላት ፍርዶች በቶሮንቶ የተፈጸሙት በታኅሣሥ 1962 ነው፤ ሕጉ በ1976 ከተሰረዘ በኋላ የሰቃዩ ስም ለደራሲያን እንደ መራራ ቀልድ ቀርቶ ነበር።

በ1994 ለልጆችና ለወጣቶች መጻሕፍት የተለየ ምድብ ተጨመረ። ይህ ትልቅ እውቅና ነበር፤ የልጆች የምርመራ ልብ ወለድ ከአዋቂዎቹ ጎን ተቀመጠ። ኖራ ማክሊንቶክ የተባለችው ደራሲ አምስት ጊዜ አሸነፈች። ቲም ዊን ጆንስ «በሚቃጠለው ቤት ውስጥ ያለው ልጅ» በተባለው ሥራው ይህንኑ ሽልማት ካገኘ በኋላ በ2002 የአሜሪካውን ኤድጋር ሽልማትም ወሰደ። እነዚህ ግን ከ12 ዓመት በላይ ለሆኑት የሚመቹ ናቸው።

በ2008 የተሸለመው የሼን ፒኮክ «የቁራው ዓይን» የሽልማቱን ስም ምጸት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዘመኑ 1867፣ ቦታው ለንደን ነው። አንዲት ሴት ተገድላ ትገኛለች፤ አንድ ወጣት ዐረብ ይያዛል። የሕዝቡም የፖሊስም ልብ ወስኗል። መጤው ጥፋተኛ ነው፤ ገመዱም ይጠብቀዋል። የ13 ዓመቱ ድሀ ልጅ ሼርሎክ ሆምስ ግን በአባቱ ወገን አይሁዳዊ በመሆኑ በመጤነት መጠርጠር ምን እንደሆነ በሥጋው ያውቀዋል። ስለዚህ ሌላው ያላየውን ያያል። ምርመራው ራሱን በተጠርጣሪነት ያስይዘዋል፤ ቤተሰቡንም ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። ንጹሕ ሰውን ከገመድ ለማዳን የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ በሰቃይ ስም የተሰየመ ሽልማት ተቀበለ። ማኅበሩ በ2021 የአርተር ኤሊስን ስም ከሽልማቱ አንሥቷል።

የጠፋችው አክስት

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በካናዳ የልጆች የምርመራ ልብ ወለድ ውስጥ መርማሪው ብዙ ጊዜ ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች ልጅ ነበር። ማርቲ ቻን በ2004 በጀመረው ተከታታይ፣ በአልበርታ ፈረንሳይኛ በሚነገርባት ትንሽ ከተማ ብቸኛው ቻይናዊ ልጅ የሆነ መርማሪ አመጣ። ልጁ ምሥጢር የሚያሳድደው ጓደኛ ከማጣቱ የተነሣ ጭምር ነው፤ ቀልዱ ብዙ ቢሆንም ከቀልዱ ሥር ብቸኝነት አለ። አገር ለውጦ ያደገ ልጅ ሁሉ ይረዳዋል።

ትልቁ ለውጥ ግን በ2019 ማይክል ሃቺንሰን ባሳተመው «የዊንዲ ሌክ ጉዳይ» መጣ። ሃቺንሰን በማኒቶባ የሚገኘው የሚሲፓዊስቲክ ክሪ ሕዝብ አባል ነው። መርማሪዎቹ ቺካዲ፣ አቲም፣ ኦተርና ሳም የተባሉ አራት የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፤ የሚኖሩትም በነባሩ ሕዝብ መንደር ውስጥ ነው። አንድ የቅርሳ ቅርስ ተመራማሪ ሲጠፋ ልጆቹ የአያቶቻቸውን እውቀትና የምድሩን ጠባይ ተጠቅመው ይፈልጋሉ። ዊልሰን ካርታውን ዘርግቶ ነበር፤ ሃቺንሰን ከካርታው በፊት የነበሩትን ሰዎች አመጣ።

ሁለተኛው መጽሐፍ «የጠፋችው አክስት ጉዳይ» በ2020 ወጣ። አራቱ ልጆች ወደ ትልቅ ከተማ ይሄዳሉ፤ የሚፈልጉትም አያታቸው በልጅነቱ የተለያትን ታናሽ እኅቱን ነው። ልጅቱን የወሰዳት ሌባ ወይም ሽፍታ አልነበረም። በካናዳ ከ1950ዎቹ ማብቂያ እስከ 1980ዎቹ የመንግሥት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጆቻቸው እየወሰዱ ለሌሎች ቤተሰቦች በማደጎ ይሰጡ ነበር፤ ቁጥራቸው ከ20,000 በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከዚያ በፊትና በዚያው ዘመን 150,000 ያህል ልጆች ቋንቋቸውንና ባህላቸውን ለማስረሳት በተቋቋሙ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽኑ ከ2008 እስከ 2015 የተጎዱትን ሲያዳምጥ ቆይቶ 94 የተግባር ጥሪዎችን አቅርቧል።

ሃቺንሰን ይህን ሁሉ ለ10 ዓመት ልጅ በሚገባ ቋንቋ፣ ያለ ስብከት፣ በምርመራ መልክ አቀረበው። ፍንጮቹ የጣት አሻራና የጫማ ዱካ መሆናቸው ቀርቶ የመዝገብ ቤት ፋይልና የአረጋውያን ትዝታ ሆነዋል። በሩን የሚዘጋው ቢሮ ነው። እዚህ ላይ የምርመራ ልብ ወለድ የቆየ ደንብ ተገለበጠ። በቀድሞዎቹ መጻሕፍት ጥፋተኛው ተይዞ ለሕግ ሲሰጥ ታሪኩ በሰላም ያልቃል፤ በዚህ መጽሐፍ ግን ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ሕግ ነው። ማክፋርሌን ፖሊሱን በቀልድ እየወጋ ሊናገር የሞከረው፣ ሥልጣን ያለውም ሊሳሳት ይችላል የሚለው ነገር፣ ከ90 ዓመት በኋላ በግልጥ ተነገረ።

ለማን የትኛው

ልጆቻቸው በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚማሩላቸው፣ በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ ወይም በአዲስ አበባ የሚኖሩ ወላጆች ከእነዚህ ሥራዎች ለልጃቸው የሚስማማውን ለመምረጥ ዕድሜውንና ጠባዩን ቢመለከቱ ይበጃል። 8 ወይም 9 ዓመት ለሆነው፣ ፍርሃት ለሚያስጨንቀው ልጅ የሊንዳ ቤይሊ ስቲቪ ዳይመንድ ወይም የማርቲ ቻን መጻሕፍት ይስማማሉ። ስፖርት ለሚወድ፣ መጽሐፍ ለሚሸሽ ልጅ የማግሬጎር የሆኪ ቡድን ይበልጣል። ካርታና ጉዞ ለሚወድ የ10 ዓመት ልጅ ኤሪክ ዊልሰን ጥሩ ነው፤ ሆኖም የቀድሞዎቹ መጻሕፍቱ በ1970ዎቹ የተጻፉ መሆናቸውን፣ በውስጣቸውም ግድያ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥንቃቄ የተሞላበት አጻጻፍ ለምትወድ ልጅ ማርት ጆስሊን ከ2020 ጀምሮ ያወጣችው «አጊ ሞርተን» ተከታታይ አለ፤ የአጋታ ክሪስቲን የልጅነት ዘመን መነሻ አድርጎ በ1902 እንግሊዝ ውስጥ የሚፈጸም፣ ከቤልጂግ የመጣ አንድ ልጅም የሚረዳበት ታሪክ ነው። ሃቺንሰን ከ9 ዓመት ጀምሮ ላሉት፣ ፒኮክ ደግሞ ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ይሆናሉ። ሁለተኛውን የሃቺንሰን መጽሐፍ ወላጅ ከልጁ ጋር አብሮ ቢያነበው ይመረጣል፤ ልጁ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ብቻውን የሚመልሳቸው አይደሉምና።

ሃርዲ ቦይስን ማንበብ የሚፈልግም ካለ፣ በገበያ በብዛት የሚገኘው ከ1959 ወዲህ የተከለሰው ቅጂ መሆኑን ልብ ይበል። ማክፋርሌን የጻፈው ዋናው ጽሑፍ ቀልዱም የዘመኑ ጭፍን ጥላቻም ያለበት ነው፤ ለልጅ ከመስጠት በፊት ትልቅ ሰው አስቀድሞ ቢያየው ይሻላል።

መጽሐፉን ሰጥቶ ዞር ማለት ግን ግማሽ ሥራ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ ልጁን «አሁን ማንን ትጠረጥራለህ? ለምን?» ብሎ መጠየቅ፣ የተጠቀሰውን ከተማ በካርታ ላይ አብሮ መፈለግ፣ በመጨረሻም የተሳሳተ ሰው ጠርጥሮ ከሆነ ምን እንዳሳሳተው ማነጋገር ንባቡን እጥፍ ያደርገዋል። በኦንታሪዮ ከ1994 ጀምሮ በሚካሄደው «ሲልቨር በርች» በተባለው የንባብ መርሐ ግብር አሸናፊውን መጽሐፍ በድምፅ የሚመርጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። በቤት ውስጥም የልጁ ፍርድ ቢከበር ያስገኘው የነበረውን ፍሬ ያስገኛል።

ማክፋርሌን ስሙንም አገሩንም ሸጦ ጻፈ፤ ዊልሰንና ተከታዮቹ ለካናዳ ልጆች ከተሞቻቸውን መለሱላቸው፤ ሃቺንሰን ደግሞ ተወስዳ የቀረችውን አንዲት ልጅ ስም አንሥቶ ጠየቀ። በምሽቱ ጨዋታ «አገር ስጠኝ» የሚለው ልጅ አገሩን የሚረከበው መልሱን ስለሚያውቅ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ትናንሽ መርማሪዎችም አገራቸውን የተረከቡት ትልልቆቹ ያልጠየቁትን ስለ ጠየቁ ነው።